የሙሴያችን አራጣ

ረቡዕ

ከሰሰኝ! ሐይቁ ዳር ዓሣ ቤቴ ውስጥ ዓሣ እየቆራረጥሁ ሳለ መጥሪያ መጣልኝ፤ በዓሣ እጄ ተቀበልሁት። ከሳሽ ጋሼ አያሌው። የጽዋ ማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን! በየወሩ «እኅቴ አለምነሽ» የሚለኝ ሰውዬ። አንቱ እለው ነበር፤ ከዛሬ ወዲያ ቀርቷል።

ለፍሪጅ መግዣ ሁለት መቶ ሺህ አበደረኝ። ወረቀቱ ላይ ሦስት መቶ ሺህ አስጻፈ። «መቶው የምስጋና ነው። በማኅበርተኛ መካከል ወለድ የሚል ቃል አይጻፍም፣ ነውር ነው» አለኝ። አራጣው ሳይሆን ቃሉ ነውር ሆነና! የማኅበር ወንድሜን መጠራጠር መሰለኝና ፈረምሁ። የወሰድሁትን ልመልስ ብለው አሻፈረኝ አለ። አሁን ሦስት መቶውን ካልከፈልሁ ሰባታሚት ያለችው መኖሪያ ቤቴ ትሸጥልኝ ይላል። ከዚያች ቤት በቀር ምን አለኝ?

ለቅዳሜ ደግሞ የጽዋው ተረኛ እኔ ነኝ። ጠላው ተጠምቋል። መጥቶ ሊጠጣ! ድንቄም ሙሴ።

ሐሙስ

ፔዳ አካባቢ ወዳለች ጠበቃ ሄድሁ። ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ ግን ቁርጥ ያለ ነው። «የማበደር ፈቃድ አለው?» አለችኝ። ፈቃዱ ነጭ ጋቢው ነው አልኋት። ሳቀች። ለሌላስ ሰው ያበድራል ወይ? ለማን የማያበድር! ለባለጀልባው፣ ለባለባጃጁ፣ ለግማሹ ማኅበር።

ያለ ፈቃድ ማበደርን መነገጃ ያደረገ ሰው ሕግ አይደግፈውም አለች፤ አራጣ ደግሞ ወንጀል ነው። የወሰድሁትን እመልሳለሁ። መቶውን ግን ካስረዳሁ አልከፍልም። ካስረዳሁ! ወረቀቱ ንጹሕ ነዋ፤ ወለድ የሚል ቃል የለበትም።

«ብሩ ሲቆጠር ማን ነበር?»

ቄስ ላቀው፣ የማኅበራችን አባት። ፊታቸው ነው የተቆጠረ። እማኝ ሆነው የፈረሙም እሳቸው ናቸው።

«እንግዲያው ቤትሽን የሚያተርፏት እሳቸው ናቸው» አለችኝ።

ዓርብ

ቄስ ላቀውን ከቅዳሴ መልስ ጠበቅኋቸው። መስቀል ተሳልሜ ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው፤ ይመስክሩልኝ አልኋቸው። መሬት መሬት አዩ።

«ልጄ፣ ሙሴያችን ነው እኮ። ደብሩን ቆርቆሮ ያለበሰ እሱ ነው።»

«ያለበስነውስ እኛ ነን፣ አባቴ! በከፈልነው አራጣ!»

ደነገጡ። እኔም ደነገጥሁ፤ ቄስ ላይ ጮኬ አላውቅም። ጥለውኝ ሄዱ።

ቤት ገብቼ አለቀስሁ። እሱስ አራጣ በላ ነው፣ ምን ይጠበቃል? እሳቸው ግን! ሁሉ ነገር አስጠላኝ። የዝክሩን ዳቦ ስደፋም አንድ ጎኑ አረረብኝ። አያሌው ይብላው።

ቅዳሜ፣ የሚካኤል ዕለት

መጣ! ከሁሉ ቀድሞ፣ በነጭ በነጭ ሆኖ። «እንኳን አደረሰሽ፣ እኅቴ» ብሎ ጉንጬን ሳመኝ። ጓዳ ገብቼ በሳሙና ታጠብሁ። ከሳሼ እኔው ቤት፣ እኔው ወንበር ላይ ተቀምጦ «አይ ጠላ! እጅሽ ይባረክ» ይላል። አፉ ቅቤ ልቡ ጩቤ የሚሉት ይኸ ነው።

ጸሎቱ አለቀ። ጽዋው ከመቀመሱ በፊት ቄስ ላቀው እንደ ወጉ ጠየቁ፦ «የተቀያየመ አለ? ይቅር ሳይባባል የሚቀምስ እንዳይኖር።» በየወሩ ይጠይቃሉ፤ በየወሩ ሁሉም ዝም ይላል። አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«ፍቅር ነን፣ አባታችን!» አለና ጽዋውን ሊቀበል እጁን ዘረጋ።

አልሰጡትም። ጽዋውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት።

«አያሌው፣ ያን ዕለት የቆጠርኸው ሁለት መቶ ነው። እኔ እያየሁ።»

«ነገሩ በፍርድ ቤት ተይዟል፣ አባታችን» አለ።

«እዚያም እመጣለሁ» አሉ።

ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ከበሩ በኩል ባለጀልባው በላይ ጉሮሮውን ጠራረገና «የኔም ወረቀት እንደዚያው ነው» አለ። አንዲት ሴት ደግሞ «የኔም» አለች። ጋሼ አያሌው ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጽዋውን ሳይቀምስ ወጣ። እሰይ! ሚካኤል ይቅር ይበለኝ እንጂ ደስ አለኝ።

እሑድ

ዛሬ ደስታው በረደ። ማታውኑ አያሌው እንዳይመሰክሩ ብሎ ለቄስ ላቀው ሽማግሌ እንደላከባቸው ሰማሁ። ይጸኑ ይሆን? ቀጠሮው ገና ነው፤ እስከዚያ ሰው ስንቴ ይለወጣል። በላይ ግን ጠዋት መጥቶ «ጠበቃሽ ለኔም ትሆናለች ወይ?» አለኝ። ነገ አብረን እንሄዳለን።

ሳህን ሳጥብ ነው ትዝ ያለኝ። የሚቀጥለው ወር ተረኛ አያሌው ነበር። ትናንት ጽዋውን በእልልታ ተሸክሞ ወደ ቤቱ መውሰድ ነበረበት። የመጣ የለም፣ ሰውም አልላከ። ቤቴን ግን ሊወስድ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

ጽዋውን አጥቤ በነጭ ጨርቅ ሸፈንሁት። ጽዋው እኔው ቤት አደረ።