ይቅርታ የጠየቅሁበት ፍሪጅ

ልደታ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ አባቴ፣

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል እማዬ በረዶ የሆነ የኢንሱሊን ብልቃጥ በመዳፏ ይዛ ስታሟሟ አየኋት። ፍሪጁ ከተጠገነ ወዲህ እንዲያ እያሟሟች ስትወጋ ሰንብታለች። «ምን ያስደነግጥሻል? ጋሽ ተሰማ እኮ አበረቱት፤ ውሃው ሁሉ ድንጋይ ሆኗል» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ተመልሶ መድኃኒት እንደማይሆን የነገራት አልነበረም። ብልቃጡን ተቀበልኳት፤ ግን ረፍዷል። ከሰዓት በኋላ ስኳሯ ወጥቶ ራሷን ሳተች።

በስልክ ስጀምርልህ «ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል» ስለምትለኝ ነው አንተ ወዳለህበት ወደ ሰመራ የምጽፍልህ።

ከሆስፒታል ወጥታለች። ምግብ ትቀምሳለች፤ ብቻዋን ግን ገና አትራመድም። ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው እኔን ተደግፋ ነው። አንተ ስትደውል አስቀድመህ የጠየቅኸኝ ጋሽ ተሰማ ተቀይመው እንደሆነ ነበር።

ሊሠሩ የመጡ ቀን የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ «ምኑ እንደተበላሸ ያሳዩኝ፤ የዋስትና ወረቀትም ይስጡኝ።» ሳቁብኝ። «ሕግ ተማርሽ ተብሎ ፍሪጅም ችሎት ይቅረብ?» አሉ። ከዚያ ደወሉልህ። አንተም «አብሮኝ ጽዋ የሚጠጣ የማኅበር ወንድሜ ነው፤ ይቅርታ ጠይቂው» አልከኝ። ጠየቅሁ። ከወጥ ቤት አስወጡኝና ብቻቸውን ሠሩ።

አሁን አብነት ሰፈር ሱቅ ያላት ደሚቱ የምትባል የጥገና ባለሙያ ከፍታ አይታዋለች። የማን ዘመድ ናት ብዬ አይደለም ያመጣኋት፤ ቀድሞ የሠራችላቸውን ሰዎች ቤት ሄጄ፣ ፍሪጃቸውን አይቼ ነው። አጠገቧ አቁማ አሳየችኝ። ቅዝቃዜውን የሚቆጣጠረው ዕቃ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ጋሽ ተሰማ አዲስ በመግጠም ፋንታ ሽቦውን ቀጥታ አገናኝተውታል። ሞተሩ አያርፍም። «ይሄ ባለማወቅ የሚሆን አይደለም» አለች።

ትናንት ጋሽ ተሰማ ሁለት የማኅበር ሰዎች አስከትለው መጡ። «ልጄ፣ በነፃ አስተካክለዋለሁ፤ ነገሩ ከቤት አይውጣ።»

እማዬ «ግቡ» ልትል ስትነሣ በሩ ላይ ቆምኩ። «መጀመሪያ ምን እንዳደረጉ ለእሷ ይንገሯት» አልኳቸው።

ጋሽ ተሰማ መሬት መሬት እያዩ «አባትሽ ይህን አይወድም» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ማታ ደውለህ በሩን እንድከፍት አዘዝከኝ።

እመቤታችን ከዚያ ሐሩር ትሰውርህ፣ በደህና ታግባህ። እማዬ «ተሰማን እንዳትቀየመው» ብላሃለች፤ እሷ እንዲህ ናት። ስልኩን ከራስጌዋ አስቀምጬላታለሁ። ስትደውል አስቀድመህ እንዴት እንደሆነች እሷን ጠይቃት።

የሚሠራውን የማያሳይ ሰው ከእንግዲህ የዚህን ቤት ዕቃ አይነካም፤ ከማንም ጋር ጽዋ ይጠጣ። ጥያቄ በመጠየቄም ሁለተኛ ይቅርታ አልልም፣ አንተም ብታዝዘኝ።

ልጅህ ጽንዓት