አንድ ድስት የጎመን ሾርባን እንደ ደመወዝ ለቆጠሩልን ክቡር ኃላፊ

ለአውራጃው የጊዜያዊ የውጭ አገር ሠራተኞች ፈቃድና ደመወዝ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ያ የሚያዝያ ነፋስ የቢሮዎን መስኮት እንዳላንኳኳ፣ ማሞቂያዎም እንዳልጠፋብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ከሜክሲኮ መጥተን እዚህ ካናዳ፣ ሐይቁ ዳር ቲማቲም የምንለቅምና የምናሽግ ሰዎች ለእርስዎ ምስጋና ይግባና ደህና ነን። ደህና ያልሆነው የሥራ ባልደረባችን ኤውሴቢዮ ብቻ ነው፤ እሱንም ደህና እንዳይሆን እርስዎ ራስዎ ፈርመውበታል።

ይህን ደብዳቤ ለጋዜጣም ስለሰጠሁት፣ የሚያነበው ሁሉ እንዲረዳው ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ። ከፋሲካ በኋላ በነበረው እሑድ ነፋስ ተነሥቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን የወይዘሮ ኮርኔሊያ ፍሪዘንን የችግኝ ቤት ላስቲክ ገሽልጦ አጥር ላይ ሰቀለው። ወይዘሮ ኮርኔሊያ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ውርጭ ቢወርድ የዓመት ችግኛቸው አለቀ ማለት ነበር። ኤውሴቢዮ ይህን አይቶ «እናንተ፣ ተጋድማችሁ ልታዩ ነው እንዴ? ተነሡ እንጂ!» ብሎ ሲጮህብን ሁላችንም ወጣን፤ ላስቲኩን አውርደን፣ ወጥረን፣ አስረን ሰጠናቸው። እሳቸውም የጎመን ሾርባ በትልቅ ድስት ሠርተው ከዳቦ ጋር አበሉን። በዋሃካ ተራሮች፣ በእኛ አገር፣ ይህ ጎሶና ይባላል፤ ጎረቤት ሲቸግረው ሳይጠራ የሚኬድበት፣ የታገዘውም የሚያበላበት ደቦ ነው።

አንድ ለሕግ የተቆረቆረ ሰው ግን ስልክ ደወለልዎና በሳምንቱ ወጣቱ መርማሪዎ በዝናብ መጡልን። ኤውሴቢዮን «ሴትዮዋ ከፍለውሃል?» ብለው ጠየቁት። በእኛ ዘንድ ድስቱን ስለበሉለት ሰው «ምንም አልሰጠኝም» ማለት ድስቱ ላይ እንደ መትፋት ነው። ስለዚህ «አዎን ጌታዬ፣ በደንብ ከፍለውኛል፤ እንዲያውም ከሚገባኝ በላይ» አለ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ብረግጠው «ተይኝ ሆቪታ፣ እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ ላሳፍር እንዴ?» ብሎ ጭራሽ እኔኑ ተቆጣኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ሆነና፣ ተከፈለኝ ያለው እሱ ብቻ ስለነበር ባልተፈቀደለት አሠሪ ዘንድ በመሥራት ፈቃዱ ተሰርዞ በመጪው ቅዳሜ አገር ለቅቆ እንዲወጣ፣ ዳግመኛም እንዳይመለስ ተፈረደበት። ወይዘሮ ኮርኔሊያም ሾርባቸው እንደ ደመወዝ ተቆጥሮ፣ ከተወሰነው ደመወዝ በታች ከፍለዋል ተብለው ተቀጡ። እንግዲህ በትሕትና የማቀርባቸው ቅሬታዎች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ የሥራ ፈቃዳችን ላይ የአንድ አሠሪ ስም ብቻ እንደተጻፈ እናውቃለን፤ እጃችን የማን እንደሆነ እንዳንረሳ ስላደረጉልን እናመሰግናለን። ያልገባን የእሑዱ ነገር ነው። እሑድ እጃችን የአሠሪያችን ከሆነ፣ በእሑድ ፊታችንን ስንታጠብበት ማንን እናስፈቅድ? ለጎረቤት ሰላምታ ስናነሣውስ? መመሪያ ቢልኩልን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።

ሁለተኛ፣ ደመወዛችን ከተወሰነው ወለል እንዳይወርድ ሌት ተቀን እንደሚጨነቁልን ሰምተን ልባችን ተነክቷል። ባለፈው ዓመት ወለሉ ከፍ ሲል አሠሪያችን ሕግ አክባሪ ናቸውና ወዲያው ጨመሩልን፤ በዚያው ሳምንት ደግሞ የተደራራቢውን አልጋ ኪራይ ጨመሩና የሰጡንን መልሰው ወሰዱ። ጽሕፈት ቤትዎ ደውለን ስናመለክት በጨዋ አንደበት «አልጋ ደመወዝ አይደለም» ተባልን። እሺ ብለን ተቀመጥን። አሁን ግን ሾርባ ደመወዝ መሆኑን አወቅን። አልጋው ሳይቆጠር ሾርባው እንዴት እንደተቆጠረ የደረሱበት ባለሙያዎ ሽልማት ይገባቸዋል፤ ጎመኑን ለብቻ፣ ዳቦውን ለብቻ ገምተውት ከሆነማ ሁለት ሽልማት።

ሦስተኛ፣ ሦስተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ከእጄ አመለጠ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የኤውሴቢዮ ልጅ ናዬሊ ነርስ ሆና ልትመረቅ አንድ ዓመት ቀርቷታል። የሚያስተምራት ከዚህ የሚልከው ነው፤ ቅዳሜ እሱ ከተሳፈረ እሷም ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ይህን ለእርስዎ መጻፍ ያመኛል፣ ያናድደኛልም። ሰውየው ያጠፋው ቢኖር ውርጭ ሲመጣ ዝም ብሎ አለመተኛቱ፣ ተጠይቆም ያበሉትን አለማዋረዱ ነው። ከቅዳሜ በፊት ውሳኔውን እንዲያነሱለት እለምንዎታለሁ። መለመኔንም የሥራ ፈቃዴ ይፈቅድ እንደሆነ አላጣራሁም።

እስከዚያው ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ወንበርዎን ያጽናልዎ፤ ጎረቤት የሚያስፈልግበት ቀንም አያምጣብዎ።

በአሠሪዋ ፈቃድ እስትንፋሷን የምትስብ ታዛዥዎ፣
ሆቪታ ላስካሬስ፣ ከቲማቲም ማሸጊያው

ማስታወሻ፦ ልረሳው ነበር። መርማሪዎ ጨርሰው ሲወጡ መኪናቸው በራችን ላይ ጭቃ ውስጥ ሰመጠች። ቀድሞ የሮጠው ኤውሴቢዮ ነው፤ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ገብቶ፣ እኛንም ጠርቶ ገፍተን አወጣናት። በማናችንም ፈቃድ ላይ የጽሕፈት ቤትዎ ስም በአሠሪነት የለም፤ ሾርባም አልቀመስንም። ይሁንና አይሥጉ። ማንም መጥቶ ተከፍሎህ ነበር ወይ ብሎ ቢጠይቀው ኤውሴቢዮ «በደንብ ተከፍሎኛል» ይልልዎታል። ብቻ ከቅዳሜ በፊት ይጠይቁት።