ተራራችንን ለክተው የሄዱት ልጆች

ለውድ ልጄ ለሰብሌ ከፋለ፤

እንዴት ነሽ ልጄ? እንዴት ሰንብተሻል? ጤናሽስ፣ ትምህርትሽስ፣ እንቅልፍሽስ? ከተማው ውርጭ የለውም ይላሉ፤ እውነት ነው? የምግብ ቤቱ ወጥ ሆድሽን ያምሽ እንደነበር እናትሽ ነግራኛለች፤ አሁን ተሻለሽ? እኛ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካል ደህና ነን። በልብ ግን ደህና አይደለንም፤ ብዕር ያነሣሁትም ለዚሁ ነው። በስልክ ያልነገርሁሽ፣ ስልኬን ቻርጅ የማደርገው ከሸጌ ሱቅ ስለሆነና እዚያ ከሸማች ይልቅ አድማጭ ስለሚበዛ ነው። ይህን ወረቀት ወደ ጋሸና ለሚሄደው አጎትሽ በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ታሽጎ ካልደረሰሽ አሳውቂኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥቅምት አጋማሽ፣ ሰው ሁሉ ብልባላ ገበያ በዋለበት ቅዳሜ፣ ሦስት ወጣቶች ከቤታችን በላይ ካለው ተራራ ላይ ወጡ። ሜትር ዘርግተው ቁልቁለቱን ይለካሉ፣ ችካል ይተክላሉ፣ ጉድጓድ ቆፍረው አፈሩን በላስቲክ ይቋጥራሉ። መጀመሪያ ያያቸው የላይ ቤቱ ጎረቤታችን ጋሻዬ ነው፤ ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው አይደል? ወደ መንገዱ ዞሮ እሪ አለ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው ዱላውን እንደያዘ ወጣ፤ እኔም ወጣሁ።

ልጆቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፣ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው የምናጠናው አሉ። ጋሻዬ ግን፣ “አፈር የሚቋጥር ሰው መሬት ሊወስድ የመጣ ነው። የማዶው ተራራ የተከለለው እንዲሁ ተለክቶ አይደለም? ዛሬ የማዶ ሰው ከብቱን የት ያሰማራል?” አለ።

አንቺም ይህንኑ እንደምትማሪ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ስትገቢ በኩራት ያወራሁት እኔው ነኝ። ስለዚህ ዓይን ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ፣ “ከፋለ፣ ልጅህ ታውቃቸዋለች?” ብለው ጠየቁኝ። አላመነታሁም። “ሥላሴን! ልጄ ሳትነግረኝ እንዲህ ያለ ነገር አታደርግም” ብዬ ማልሁ።

ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያበቃ፣ ንጋት የምትባለው፣ ከሦስቱ አንዷ የሆነችው ልጅ ፊቷ በራ። “የሰብሌ አባት እርስዎ ነዎት? ተራራውን የመረጠችልን እሷ ናት። ‘አባቴ ይቀበላችኋል’ ብላናለች” አለችኝ። የዳነች መስሏት ነው። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ጋሻዬ ሳቀ። ያ ሳቅ ከዱላ ይብስ ነበር። አንዳንዱ ሜትሩን ሊነጥቅ እጁን ሲሰድ፣ ልጆቹን ይመቷቸዋል ብዬ ሰጋሁ። ከመካከል ገብቼ፣ “እንግዶቼ ናቸው፤ የሚነካቸው እኔን ይንካ” አልሁና ወደ ቤት ይዣቸው ወረድሁ።

እናትሽ ያለውን አቀረበችላቸው። እኔ ግን ሲበሉ ፊት ፊታቸውን አያለሁ። ንጋትን አፈሩን ምን ልታደርጉት ነው ብላት፣ ዝናቡ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚያጥበው ለማወቅ ነው አለችኝ። “ክረምት መጥቶ ጎርፉን ማየት አይበቃም?” አልኋት። “እርስዎ ያያሉ፤ ለእርከን ሥራ በጀት የሚመድበው ሰው ግን አያይም” አለች። መልሷ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም የባሰ ጠረጠርሁ። በጀት የመደበው ሰው ነገ ተራራው የእኔ ነው ቢልስ? ይህን ስጠይቃት፣ “እሱን እኔም አላውቅ፣ አባባ” አለችኝ። ከተናገረችው ሁሉ በሙሉ ልቤ ያመንኋት ይህችን ብቻ ነው።

በማግስቱ ችካሉ ሁሉ ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ተደፍኖ ተገኘ። ልጆቹን እኔና ወንድምሽ አዳም እስከ መኪናው መንገድ ሸኘናቸው።

የእኔ ጣጣ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። ገብሱ ደረሰ፤ ወንፈል ጠራሁ፤ አንድም ሰው አልመጣም። እኔ ለሁሉም ያጨድሁ ሰው! “ከፋለ በሐሰት ማለ፤ በልጁ በኩል ተራራችንን አስለካ” ተባልሁ። እናትሽ ውኃ ልትቀዳ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ከእናትሽና ከአዳም ጋር ብቻችንን ስናጭድ፣ አንድ ጠዋት መሪጌታ በዚያ ዕድሜያቸው ማጭድ ይዘው መጡ። ጥቂት እንዳጨዱ ቀና ብለው፣ “መሐላህን ለነፍስ አባትህ ንገር። ሕዝቡ የፈራው ከጀርባው መለካቱን ነው። ልጅህ ትምጣና በአፏ ትንገረን” አሉኝ። እሑድ ሰንበቴ ላይ ይህንኑ ለሁሉም ተናገሩ። ጋሻዬ እያጉረመረመም ቢሆን እሺ አለ፤ ለገና እስክትመጪ ተራራውን ማንም እንዳይነካው ተባለ። ሰኞ ከወንፈሉ ግማሹ መጣልኝ። ግማሹ እስካሁን በሩቁ ያየኛል።

አሁን ሳትሸሽጊ መልሽልኝ። ያን ተራራ ለምን መረጥሽ? በራስሽ ነው ወይስ ምረጪ ያለሽ ሰው አለ? አስተማሪዎችሽ ተራራ ሲከለል ሣሩን ማን እንደሚያጭደው ነግረውሻል? ካልነገሩሽ ጠይቂያቸው፤ ሲመልሱልሽም ፊታቸውን እይ። ትምህርትሽን አልጠላሁም፤ ከጎርፉ በታች ያለው የገዛ ማሳዬ ነው፣ በየክረምቱ ሲጠብም አያለሁ። ብቻ ለጥቅማችን የመጣ ነገር ለምን ሰው በሌለበት ቀን ይመጣል?

ለገና ነይ ልጄ። ሰንበቴው ፊት ስትቆሚ ከጎንሽ እቆማለሁ። “ይቀበላችኋል” ብለሻቸው ነበር፤ እነሆ ተቀብያቸዋለሁ። ሌላ ጊዜ ግን አስቀድመሽ እኔን ጠይቂኝ።

እናትሽ ደብሪቱ ዓይንሽን ትስማለች፤ በብርድ አትውጪ ትልሻለች። አዳም ናፍቀሽዋል፤ ስትመጪ እስከ ጋሸና ሄጄ እቀበላታለሁ ይላል። መሪጌታ በጸሎታቸው ያስቡሻል። ንጋትንና ጓደኞቿን ሰላም በይልኝ፤ ለድንጋጤያቸው ይቅርታ። ጋሻዬ ሰላምታ አልላከም፤ ስትመጪ ግን መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱ ነውና መልስሽን አዘጋጂ።

አባትሽ ከፋለ
ላስታ፣ ብልባላ
ኅዳር 22 ቀን 2012 ዓ.ም.