የአቴንዳንሱ ፊርማ

ሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬ ቢሮዬም፣ አለቃዬም፣ ራሴም አስጠሉኝ።

ባለፈው ወር ወረዳችን መንገድ ላይ ለሚዘረጋው የእሁድ ገበያ ፈቃድ ለመስጠት የሰፈሩ ሰው ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ስብሰባው ላይ ግን አንድም ሰው አልተስማማም። አለቃዬ "አቴንዳንሱ አለ አይደል?" አለኝ። ሰዉ መጥቻለሁ ብሎ የፈረመበትን ወረቀት "ነዋሪው ተስማምቷል" ከሚል ደብዳቤ ጋር አያያዝነው። በስቴፕለር የመታሁት እኔው ነኝ።

እትዬ ዘነበች ስብሰባ ቀድመው ስለሚደርሱ ስማቸው ተራ ቁጥር አንድ ላይ ነው። ከሁሉም በላይ የተቃወሙትም እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ጠዋት ቢሮ መጡ።

"ልጄ፣ ገበያ ጠልቼ አይደለም፤ እኔም ሽንኩርት በርካሽ ብገዛ ደስ ይለኛል። ትናንት ባለቤቴን አሞት ባጃጅ ብጠራ፣ በሸራውና በቲማቲሙ ክምር መሀል ማለፍ አቃተው። በወንበር ተሸክመን አስፋልት ድረስ አወጣነው። ነጋዴዎቹን ብቆጣ፣ 'ፈርመው የለ እንዴ?' ብለው ኮፒውን አሳዩኝ።"

እኔ ምን አልኩ? ይሄ ምላሴ ይቆረጥ! "ቅሬታዎን ይጻፉና ይፈርሙ" ብዬ እስክሪብቶ ዘረጋሁላቸው።

አልተቀበሉኝም።

"ይሄኛውንስ ከምን ጋር ልታያይዙት ነው?" አሉኝ።