በጥቂቶች ሳይሞክሩ ለብዙዎች ያልሰጡት ሐኪም የሕይወት ታሪክ

አክስታችን፣ በባልደረቦቻቸው አጠራር “ዶክተር ቀስ በሉ”፣ ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ከወንዝ ማዶ ባለ ሰፈር ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው በ1968 ዓ.ም. በሕክምና ተመረቁ፤ በኩላሊት ሕክምናም ሠልጥነው በመንግሥት ሆስፒታል እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። በ1971 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም፤ እናትነት ግን አልቀረባቸውም።

በ1989 ዓ.ም. ለኩላሊት ሕሙማን ተስፋ የተጣለበት አዲስ መድኃኒት መጣ። አለቆቻቸው በብዙ መቶ ሕሙማን ላይ የሚደረገው ሰፊ ጥናት ወዲያው እንዲጀመር ፈለጉ። እሳቸው ግን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ በጥቂት ፈቃደኞች፣ ዓይናችንን ሳንነቅል እንየው” ብለው ድርቅ አሉ። ቅጽል ስማቸውም የወጣላቸው ያኔ ነው።

ታናሽ ወንድማቸው፣ ልብስ ሰፊው አባታችን፣ በዚሁ ሕመም ይሠቃዩ ነበር። በጣም ስለጠናባቸው በቅድመ ሙከራው ሊገቡ አልቻሉም፤ ተስፋቸው የጠናባቸውንም የሚቀበለው ሰፊው ጥናት ነበር። አንድ ቀን እህታቸውን ስብሰባ አዳራሹ በር ላይ ጠብቀው “እቴ፣ በናትሽ ይሄን ሙከራ እለፉትና ወደ ዋናው ግቡ” አሏቸው።

“ትንሽ ታገሥ” አሉ አክስታችን።

አባታችን ሳቁ። “እኔስ እሺ፤ ለሞት ማን ይንገርልኝ?”

ስብሰባው ተጀምሮ ነበርና አክስታችን በር ላይ ትተዋቸው ገቡ።

ቅድመ ሙከራው የታሰበው መጠን ከባድ መሆኑን አሳየ። የሁለት ሕሙማን የልብ ምት ተዛባ፤ ቅርብ ክትትል ስለነበር ግን ተረፉ። መጠኑ በግማሽ ተቀነሰ። ሰፊው ጥናት ያለ አደጋ ተካሄደ፤ መድኃኒቱም የብዙዎችን ዕድሜ አራዘመ። አባታችን አልደረሱበትም፤ ጥናቱ ሊጀመር ሲል አረፉ። እናትም ስላልነበረን ሦስታችንንም ልጆቻቸውን አክስታችን ወስደው አሳደጉን።

“ልክ ነበሩ” የሚላቸው ብዙ ነበር፤ ምስጋናው ግን አይጥማቸውም። ስለ አባታችን ስንጠይቃቸው “ውሳኔው አይቆጨኝም። በር ላይ ጥዬው መግባቴ ነው የሚያንገበግበኝ። ስብሰባው መጠበቅ ይችል ነበር” ይሉን ነበር።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ልባቸው ደከመ። በመጨረሻው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን በአባታችን ስም እየጠሩ “ና ተቀመጥ፤ ዛሬ የምሄድበት የለኝም” ይሉት ነበር። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ባለቤታቸውንና እኛን ሦስት ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል፤ ከወንድማቸውም ያገናኝልን።