ጋቢ የለበሰው ላስቲክ

ለተወደዱ አማቴ፣

የጌታ ሰላም ይብዛልዎ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? የሮቤ ብርድ አልከበደብዎትም? ፈናንና ልጆቿስ ደህና ናቸው? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ አሰላም ሰው ሁሉ ሰላም ነው፤ ዶሮዎችዎ ብቻ ለእኔ አልታዘዝ ብለው ጓሮውን ገዝተውታል።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልክ ስለማያነሱ ነው። በደወልኩ ቁጥር ፈናን አንስታ «እማዬ ደጅ ናት» ትለኛለች። በዚህ ዕድሜዎ ቀኑን ሙሉ ደጅ የሚያውል ምን ሥራ እንዳገኙ አላውቅም። መነጽርዎን እዚህ ስለረሱት የምታነብልዎ ፈናን ናት፤ ፈናንዬ፣ እባክሽ ያላማረሽን እየዘለልሽ እንዳታነቢ።

በልቤ ያለውን በደንብ እንዲሰሙኝ ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ጓሮ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኳቸው፣ እርስዎ «ቀለም የተቀባ ላስቲክ» የሚሏቸው ስስ ንጣፎች፣ የዶክትሬት ሥራዬ ናቸው። የተቀቡት ፖሊመር የሚባል ነገር ነው። እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዘ ፕላስቲክ ነው፤ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፣ እንደ ቀለም ይቀባል፣ ሲደርቅ የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። እንደ መስታወቱ ሶላር አይከብድም፤ ጠቅልለው በብብትዎ ይዘውት ቢሄዱ ማንም አያውቅብዎትም። ችግሩ ለፀሐይ የተሠራው ነገር ራሱ በፀሐይ መበላሸቱ ነው። የእኛ ደጋ ደግሞ ብርዱ ያታልላል እንጂ ፀሐዩ ጨካኝ ነው። ስለዚህ በሰንሰለቱ ጎን የሚንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች ለውጬ አዲስ ፖሊመር ሠራሁና ይችል እንደሆነ ለማየት ጓሮ አሰጣሁት።

ያን ሰሞን በቤታችን የጸሎት ፕሮግራም ላይ የጸሎት ርዕስ ስንጠየቅ እኔ «ላስቲኬን ፀሐይ እንዳያበላሽብኝ ጸልዩልኝ» አልኩ። ሌሎቹ ጸለዩ። እርስዎ ግን ጸለዩም፣ ሠሩም። ጠዋት ለክቼ ወደ ዩኒቨርሲቲ ስወጣ ጋቢዎን ያለብሱታል፤ አመሻሽ ላይ ብርዱ ሲመጣ ገፈው ራስዎ ይለብሱታል። እኔ ምን አውቄ! በየጠዋቱ ስለካ ጉልበቱ አልቀነሰም። አዲስ አበባ ያሉት አማካሪዬ «እርግጠኛ ነሽ?» ብለው ደጋግመው ጠየቁኝ፤ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ለሳይንስ ጉባኤ የሚቀርብ ጽሑፍም አዘጋጅተን ላክን።

ከዚያ ያ እሑድ መጣ። ቤተ ክርስቲያን «ምስክርነት ያለው» ሲባል ተነሥቼ፣ የበጋው ፀሐይ ሥራዬን እንዳልነካው፣ ጌታ ጸሎታችንን እንደሰማ ተናገርኩ። ጉባኤው እልል አለ። እርስዎ አጠገቤ አንገትዎን ደፍተው ነበር፤ እኔ ደስታ መስሎኝ። ምሳ ላይ ጎረቤታችን በቀለች ምስክርነቴን እየደገመች ስታመሰግን፣ እርስዎ እጅዎን ከማዕዱ አነሡና በኦሮምኛ «አነቱ ሀጉጌ» አሉ። «የሸፈንኩት እኔ ነኝ። ፀሐይ እንዳያበላሽብሽ ብለሽ አልነበር እንዴ?»

እኔም ከማዕዱ ተነሥቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አወጣጤን ቁጣ ብለው ተረጎሙት መሰለኝ። ቁጣም ነበረበት፤ አልዋሽዎትም። በማግስቱ ፈናን ናፈቀችኝ ብለው ሻንጣዎን አዘጋጁ። የሾፌሩ የእንደሻው ሚኒባስ ላይ አንድ እግርዎን ካደረጉ በኋላ ዞር ብለው «ለመሆኑ አሁን እኔ እዚህ ቤት የማን ነኝ?» አሉኝ። ልጅዎ ትቶኝ ከሄደ፣ ፍርድ ቤቱም ጋብቻችንን ካፈረሰ ወዲህ ይህን ጥያቄ በሆድዎ ይዘው እንደሚኖሩ አላወቅኩም ነበር። እንደሻው በሩን ዘጋ፤ እኔም መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ።

እርስዎ ከሄዱ በኋላ ላስቲኮቹ ያለ ጋቢ ፀሐዩን ቀመሱት። ወር ሳይሞላቸው ጉልበታቸው በግማሽ ወረደ፤ ቀለማቸውም ገረጣ። ለሳይንስ ጉባኤው የላክነው ጽሑፍ እንዲመለስልኝ ጻፍኩ። አማካሪዬ ምክንያቱን ስነግራቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው። «እኚያን ሴትዮ ሰላም በያቸው» ብለዋል።

ለማጽናናት ብዬ ሥራዬን ጠቀሙልኝ አልልዎትም። አልጠቀሙልኝም። ሰንሰለቱን እንደገና መንደፍ አለብኝ፤ ምርቃቴም ለሚቀጥለው ዓመት ተገፍቷል። ነገር ግን ፀሐዩን ያልቻለው ፖሊመሩ ነው። ሸፈኑትም አልሸፈኑትም ያው ነበር፤ እርስዎ ያዘገዩት እኔ ማወቄን ብቻ ነው። ይህን ጥፋት ብለው ሮቤ ድረስ ተሸክመውት ከሄዱ እባክዎ እዚያው ይጣሉት።

እውነቱን ልንገርዎት። ልጅዎ የሄደ ጊዜ ቤቱ እንዲህ አልጎደለብኝም። አለቀስኩ፣ ተናደድኩ፣ ግን ከሥራ ስገባ «ምን በላሽ?» የሚለኝ ሰው ነበረኝ። አሁን ገብቼ መብራት የማበራው እኔው ነኝ። ናፍቀውኛል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ተነሥቼ ምስክርነቴን አረምኩ። ላስቲኩን ፀሐይ ያልነካው ጋቢ ስለለበሰ መሆኑን ስናገር ጉባኤው ከሽማግሌ እስከ ሕፃን ሳቀ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ነጋሳ፣ ነገራቸውን ያውቁታል፣ እንባቸውን ጠርገው «ለመሆኑ እናትሽ የት አሉ? ሰሞኑን አላየናቸውም» ብለው ከፊት ጠየቁኝ። አማትሽ አላሉም፤ የልጁን ነገር ሁሉም እያወቀ እናትሽ ነው ያሉት። እኔም ጉባኤው እየሰማ «እናቴ ሮቤ ልጇን ልትጠይቅ ሄዳ ነው፤ በዚህ ሳምንት ትመለሳለች» አልኩና ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ይፍረዱ። አንድ ጊዜ በሐሰት መስክሬ ይቅር ተብያለሁ፤ ሁለተኛውን ማን ይቅር ይለኛል? እንደሻው ቅዳሜ ሲመለስ ጋቢና ይይዝልዎታል፤ ነግሬዋለሁ።

ጌታ ጉልበትዎን ያበርታ፤ መንገድዎን ያቅና፤ ለፈናን ቤትም በረከቱን ያብዛ።

ምራትዎ፣
አሰላ