የቀመስኩትና ያልበላሽው

ከእናቴ ቀጥሎ እናቴ ለሆንሽው፣ ለምትናፍቂኝ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሽልኛል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ይህን ስጠይቅ እንደ ወትሮው ለሰላምታ ወጉ ያህል እንዳይመስልሽ፤ የእውነቴን ነው፣ መልስ እፈልጋለሁ። ራስሽን ማዞሩ ተወሽ ወይ? ጉልበትሽስ? እማዬስ ወገቧን እንዴት አደረጋት? ባልሽ ሰዓት ሰሪው፣ ልጅሽ፣ ሁላችሁም ደህና ናችሁ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ የምልሽ ደግሞ ዛሬ በማስረጃ ነው፤ ከታች ታገኚዋለሽ።

አሁን እስቲ ወረቀቱን ጠጋ አድርገሽ ጽሕፈቱን እዪው። የማን ይመስልሻል? የገበያው ደብዳቤ ጸሐፊ እንዳይመስልሽ። የኔ ነው! የገዛ ወንድምሽ የገዛ እጅ! ስምንት ወር ሙሉ ከሥራ በኋላ በፋብሪካው ዕቃ ቤት፣ በክር ጥቅል መሐል አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ ፊደልን አንድ በአንድ አንበርክኬዋለሁ። በክፍላችን ዘጠኝ ነን፤ ከዘጠኙ አንደኛ እኔ ነኝ። አንደኛ የሆነው ከበሩ ጀምሮ ሲቆጠር ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አትስሚያቸው። እዚህም እዚያም የተንጠባጠበው ቀለም የኔ ጥፋት አይደለም፤ እስክሪብቶው ፍጥነቴን መቋቋም አቅቶት ነው። አንቺ ስንት ዓመት "ተማር፣ ተማር" እያልሽ ጨቀጨቅሽኝ፤ ይኸው ተማርኩ፤ አሁን ዝም በይ።

የልጅሽ ደብዳቤ ሐሙስ ደረሰኝ። ድሮ ቢሆን ወደ ጸሐፊው ሮጬ፣ እርሱ መነጽሩን እስኪወለውል በሩ ላይ እቁለጨለጭ ነበር። አሁን ግን የድንች ጆንያ ላይ ቁጭ አልኩና የፋብሪካው ወጥ ቤት ሁሉ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሦስተኛው መስመር ላይ ማንበቤን አቆምኩ። "እማዬ ያንተ ደብዳቤ ከመጣ ጀምሮ እንደ ወንድሜ ካልበላሁ ብላ፣ ዳቦ ትታ፣ ቁርስ ትታ፣ በቀን ሁለቴ የተቀቀለ ጎመን ብቻ ነው የምትቀምሰው። ማክሰኞ ዕለት ስፌት መኪናዋ ላይ ተደፋች" ይላል። ከሥሩ ደግሞ ባንቺ እጅ፣ በዚያ እንደ ስፌትሽ ቀጥ ባለ ጽሕፈት፣ "ልጅ ናት፣ አካብዳው ነው፤ አትጨነቅ። ይልቅ ያን የአመጋገብ ወረቀትህን አሟልተህ ላክልኝ" ብለሻል።

አራት ጊዜ አነበብኩት። ምነው ማንበብ ባልቻልኩ ያልኩት ያን ዕለት ብቻ ነው። ሽንኩርት ከታፊያችን "ምነው ሻምበል ጭልፋ፣ ፊደሉ አለቀብህ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሻምበል ጭልፋ የሚሉት እኔን ነው፤ ማዕረጉን ራሴ ነኝ የሰጠሁት። ፊቴን ስታይ ግን ቢላዋዋን አስቀመጠች። ነገሩን ስነግራት "ጉራህን ልከህላት ነው የታመመችው፤ አሁን እውነቱን ላክላት። ደግሞ ያ ጸሐፊ ጋ እንዳትሄድ፤ በራስህ እጅ ጻፈው" አለችኝ።

ይኸው ጻፍኩት። ባለፈው ደብዳቤ "ለሰው ልጅ ሁሉ የሚስማማውን ምግብ አገኘሁት፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ቀነስኩ፤ እንደኔ የበላ መቶ ዓመት ይኖራል" ብዬሻለሁ። ያን ጊዜ የምግብ ስም እንጂ ደብዳቤ መጻፍ ገና አልችልም ነበርና ጥፋቱን ጸሐፊው ላይ ልደፈድፍ አስቤ ነበር፤ እርሱም ቢሆን ከኔ የባሰ ጉረኛ ነው። እውነቱ ግን የቀነስኩት አራት ኪሎ ነው። እኔ "ስምንት በል" አልኩት፤ እርሱ "አሥራ ሁለት ለጽሑፍ ያምራል" አለኝ፤ ተስማማን። በቀን ሁለቴ ጎመን ብቻ የሚለውም ሰው ጉድ እንዲል ያልኩት ነው፤ ዛሬም ቁርሴን እበላለሁ፣ ጎመኑም ከሌላው ምግብ ጋር ነው። መቶ ዓመቱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከኔ የወጣ ነው። እዚህ ጉራዬን የሚያምን ሰው ስለሌለ እንዳሻኝ እለቀዋለሁ። አንቺ እንደምታምኚኝ ረሳሁት።

ነገሩ ከመነሻው እንዲህ ነው። አምና የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ይመርመር ተባለና፣ ተራዬ ደርሶ ክሊኒኩ ሚዛን ላይ ወጣሁ። ዘጠና ስምንት ኪሎ። ነርሷ ጣቴን ወጋችና ደሜን አይታ "ስኳር አለብህ" አለችኝ። "እኔ ድሮም ጣፋጭ ሰው ነኝ፣ ምን ይደረግ" አልኳት። አልሳቀችም። "የምትበላውን ሁሉ በደብተር ጽፈህ አምጣልኝ" አለችኝ። "ጭንቅላቴ ውስጥ አለ" ብላት "ታዲያ ጭንቅላትህን እዚሁ ትተህልኝ ትሄዳለህ?" አለችኝ። መጻፍ አልችልም ማለት ለኔ ሞት ነው፤ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ሁለት ወር ሸሸኋት።

እስከዚያው በየሰዉ ምግብ ራሴን ሞከርኩ። ዘበኛው "ጠዋት ጠዋት ሎሚ በሞቀ ውሃ፤ ሌላ ምንም! እኔን እየኝ!" አለኝ። አየሁት፤ እውነትም ሸምበቆ ይመስላል። ሳምንቱን ሙሉ ሎሚ ስጠጣ ከርሜ ጨጓራዬ እሳት ሆነ። ሹፌሩ "ሥጋ፣ ሥጋ ብቻ" አለኝ። ሆዴ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ አራት ቀን ሙሉ... ይቅር፣ ይህ ደብዳቤ ለእማዬም ይነበባል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ በቀን አንዴ ብቻ እንደምትበላ ነገረችኝ። ያን ስሞክር የሩዝ ድስት እያማሰልኩ ዓይኔ ጨለመብኝና ምድጃው ጠርዝ ላይ ወደቅሁ፤ ይኸው ጠባሳው እስከ ዛሬ ክንዴ ላይ አለ። ማናቸውም አልዋሹኝም፤ ሁሉም ጤነኞች ናቸው። ለእነርሱ የተስማማው ለኔ አልሆነም፣ በቃ።

የማታ ትምህርት የገባሁትም ለዚያ ደብተር ስል ነው። ለሰው ግን ጋዜጣ ማንበብ አምሮኝ ነው ብያለሁ። በአራተኛው ወር "ዳቦ"፣ "ሩዝ"፣ "ምስር" ብዬ መጻፍ ስችል ጀመርኩት። ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት። ምንም አልደበቅኩም፤ ሻዩን ከነስኳሩ ጻፍኩ። ሦስት ሳምንት ሞልቼ እንደ ሽልማት ይዤላት ሄድኩ። ነርሷ አገላብጣ አየችውና "ይህ የቀጭን ሰው ምግብ ነው፤ ስኳርህ ግን ንቅንቅ አላለም። የጎደለ ነገር አለ" አለችኝ። እኔም በእማዬ ማልኩላት። ስምል ደግሞ ከልቤ ነበር።

ተናድጄ ወጥ ቤት ገባሁና ለሽንኩርት ከታፊዋ አወራኋት። ቀና እንኳ ሳትል "የቀመስከውስ?" አለችኝ። "ቅምሻ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ምግብ የሆነው?" አልኳት። ባዶ ጣሳ አመጣችና "እሺ ጌታው፤ በቀመስክ ቁጥር አንድ ባቄላ እጥልልሃለሁ" አለች። እኛ የምናበስለው ለአራት መቶ ሰው ነው፤ ስድስት ድስት፣ ያውም ገብተሽ የምትዋኚበት ድስት። ጨው ደረሰ ወይ፣ ሩዙ በሰለ ወይ፣ መረቁ ወፈረ ወይ፤ አንዳንዱን ደግሞ እንዲያው ደስ ስለሚለኝ። በማንኪያ የምቀምስ ሰውም አይደለሁም፤ ሻምበል ማንኪያ አላሉኝም። ጣሳው ኳ፣ ኳ፣ ኳ ሲል አረፈደ። ምሳ ተሰጥቶ ሲያበቃ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ሰባ አንድ ባቄላ! "ይህን ብንቀቅለው ራሱ ለአንድ ጎልማሳ ምሳ ይሆናል" አለች። ወጥ ቤቱ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን ዘጠና ስምንቱ ኪሎ በየት በር እንደገባ ያን ዕለት አወቅሁ።

ደብተሩን አሟልቼ ስወስድላት ነርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ቁጭ አድርጋኝ ስንት ሰዓት ቆሜ እንደምውል፣ መቼ መቼ እንደሚርበኝ፣ ሎሚው ምን እንዳደረገኝ፣ የምወደውንና የምጠላውን ሳይቀር ጠየቀችኝና ለኔ የሚሆነውን በወረቀት አወጣን። ሻይ ያለ ስኳር። ሩዝ በልክ፣ ምስርና አትክልት በርከት ያለ። ቁርስ ግድ። ቅምሻ ሦስት ጊዜ፣ በሻይ ማንኪያ፤ የቀረውን ሽንኩርት ከታፊዋ ትቅመሰው ተባለ። እርሷ መቅመስ ከጀመረች ወዲህ ሠራተኛው ምግቡ ጣፈጠ እያለ ነው። ይህን የጻፍኩት እውነት ስለሆነ እንጂ ደስ ብሎኝ አይደለም። ስኳሬ ወረደ፤ አራት ኪሎም ሄደ። ይኸው፣ ጉራ የሌለበት ነገር ስጽፍ አየሽኝ።

እንግዲህ ወረቀቱን ላክልኝ ላልሽው፣ አልልክም። ብትፈልጊ ተቆጪኝ። አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ሜትርሽን ከአንገትሽ አውርደሽ ሳትለኪ ለሰው ቀሚስ ቆርጠሽ ታውቂያለሽ? የኔን ሱሪ ለባልሽ ብታለብሺው ሰዓት ሰሪው ከነጠረጴዛው ይገባበታል። ያ ወረቀት በኔ ወገብ ልክ የተቆረጠ ነው። እኔ ስኳር የበዛብኝ ወፍራም ነኝ፤ አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነፋስ የሚገፋሽ፣ ያውም ሐኪም ደም አንሶሻል ያለሽ ሰው ነሽ። ከኔ ሳህን የተነሣው ሁሉ ምናልባት ላንቺ የሚጨመር ይሆናል።

ቀጥሎ ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ እኔም ቀስ ብዬ ነው የጻፍኩት። እማዬ የሰው ልብስ ስታጥብ ውላ እስክትመጣ የምታበስይው አንቺ ነበርሽ። ያቺ ጆሮዋ የተሰበረ ትንሽ ድስት ትዝ ትልሻለች? ምግቡ ሲቀርብ ድርሻሽን ወደኔ ትገፊና "ብላ፣ እኔ ስቀምስ ጠግቤያለሁ" ትዪኝ ነበር። እኔም አምኜሽ እበላ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ምግብ አብሳይ የሆንኩትም ለዚያ ነው፤ የሚያበስል ሰው ሁልጊዜ ጠግቦ ያድራል ብዬ።

የልጅሽን ደብዳቤ ካነበብኩ ጀምሮ ያ ቃልሽ ጆሮዬ ላይ ያቃጭላል። ትናንት እሑድ ወጥ ቤቱ ዝግ ስለነበር ቁልፉን ተቀብዬ ብቻዬን ገባሁ። ለሦስት ሰው የምትሆን ትንሽ ድስት ፈልጌ ምስር ጣድኩ። ጣሳውንም አጠገቤ አደረግሁ። አንድ ጊዜ ለጨው ቀመስኩ። አንድ ጊዜ ለብስለቱ ቀመስኩ። ከዚያ ወዲያ የሚቀመስ ነገር የለውም። ጣሳውን ዘቀዘቅኩት።

ሁለት ባቄላ፣ እታለም።

ሽንኩርት አልተከተፈም ነበር፤ ስለዚህ በሽንኩርት ላመካኝ አልችልም። ሁለት ማንኪያ ማንን ያጠግባል? ስንት ዓመት ነው እንዲያ ያልሽኝ? ከዘጠና ስምንቱ ኪሎ ስንቱ ያንቺ ነው? እኔ ቅምሻ ምግብ አይደለም እያልኩ ስበላ ኖርኩ፤ አንቺ ደግሞ ምግብ ነው እያልሽ ጦምሽን አደርሽ። አሁን ባል አግብተሽ፣ ልጅ አሳድገሽ፣ ሞልቶ ከተረፈ ድስት አጠገብ፣ በኔ ጉራ ምክንያት እንደገና ልትራቢ? አይሆንም።

ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ ሰው ለምኜ እንደማላውቅ አንቺው ታውቂያለሽ። ይህ ደብዳቤ የደረሰሽ ዕለት ዳቦሽን ብዪ። በማግስቱ ባልሽን አስከትለሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። መደፋትሽን ንገሪያቸው፤ "ትንሽ አዞረኝ" ብለሽ እንዳታሳንሺው። ከደብዳቤው ጋር አንድ ደብተር ልኬልሻለሁ። በማስመሪያ አስምሬ በየገጹ "ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት" ብዬበታለሁ፤ እጄን እስኪያመኝ። የኔ ደብተር "ቅምሻ" የሚል ዓምድ አለው፤ ያንቺ የለውም፣ ሆን ብዬ ነው። ቁጭ ብለሽ የበላሽውን ብቻ ጻፊ፤ ቆመሽ ጎረስ ያደረግሽው፣ ከልጅሽ ሳህን የለቀምሽው አይቆጠርም። ከበላሽ በኋላ ምን እንደተሰማሽ፣ በስንት ሰዓት እንደደከመሽም ጻፊ። ያንን ለሐኪሞቹ አሳዪ፤ ላንቺ የሚሆነውን እነርሱ ካንቺ ጋር ሆነው ያውጡት። እኔ አይደለሁም የማወጣው፣ ጎረቤትሽም አይደለችም። ሲሞላ ደግሞ ለኔ ላኪልኝ። ልብ በይ፣ ከእንግዲህ በመሐላችን አንባቢ የለም። በገዛ ዓይኔ ነው የማየው፤ "ጠግቤያለሁ" ብትዪኝ አላምንሽም።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። በዚያች ድስት ስንት ይተርፍ እንደነበር ጠይቂልኝ ልል ነበር፤ ተይው፣ እርሷም እንደኔ አምናሽ ነው የበላችው። ለባልሽ "የአገሩን ሰዓት ሁሉ ስታስተካክል የሚስትህን የምሳ ሰዓት እንዴት ዘነጋኸው?" ብሏል በይልኝ፤ ስድብ አይደለም፣ እኔም ከርሱ አልሻልም። ያቺን "አካብዳው ነው" ያልሻትን ልጅ ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ። እንዲያ እያካበደች ትጻፍልኝ፤ ከቤተሰባችን እውነት እያካበደች የምትጽፍ አንድ ሰው ይኑረን። ሽንኩርት ከታፊዋም ሳታውቅሽ ሰላም ብላሻለች። መምህርቴ ዛሬ ደብዳቤውን አየችውና "አሥራ ዘጠኝ ስሕተት አለበት፣ ላርምልህ?" አለችኝ። እንቢ አልኳት፤ ታርሞ ከመጣ የኔ መሆኑን አታምኚም።

ድርሻሽን በልቶ ያደገው ወንድምሽ፣
ሻምበል ጭልፋ (አሁን የሻይ ማንኪያ)

ከክር ፋብሪካው ወጥ ቤት፣ ከድንች ጆንያው ላይ
ሰኞ፣ የካቲት 9 ቀን

ማስታወሻ፦ ፖስታው ውስጥ የሚንቀጫቀጨው ሁለት ፍሬ ባቄላ ነው። ከደብተሩ ጋር አኑሪያቸው እንጂ እንዳትቀቅያቸው። ምግብ አይደሉም፤ ያኔም አልነበሩም።